ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን፦ የሰውነት እንቅስቃሴ ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን

ሰው ሥጋና ነፍስ ተዋሕደውበት የቆመ አንድ ፍጥረት ነው። ከዚህ የተነሣ ሥጋው ሲደክም መንፈሱ ይዝላል፤ አእምሮው ሲታወክም ሥጋው አብሮ ይጎሳቆላል። ይህን በየዕለቱ ኑሯችን የምናየው ቢሆንም፣ ከቤተሰባችን አንዱ በአእምሮ ሕመም ሲያዝ ግን ፈጥነን እንዘነጋዋለን። ለአእምሮው ሐኪምና መድኃኒት፣ ጸሎትና ጸበል ስንፈልግለት ሥጋው በጓዳ ጥግ ተጋድሞ ይውላል፤ ወር ወርን እየተካ ሲሄድም ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከሰው ጋር የነበረው መገናኛ ይቋረጣል።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ለስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ከመድኃኒታቸው ጋር ተጨምሮ ሊሰጥ የሚችለውን አንድ ድጋፍ ነው፤ ይኸውም ኤሮቢክ የሚባለው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ትምህርቱ በተለይ የሚመለከተው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም አልፎ በምዕራብ ጎጃም ገጠር እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በቤታቸው ያለባቸውን ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶቻቸውንና በየቁምስናው ሕሙማንን የሚጎበኙ ምእመናንን ነው።

1. ስኪዞፍሬኒያ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ስኪዞፍሬኒያ ከከባድ የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፣ ማለትም ሰው ትምህርቱን በሚጨርስበት፣ ጎጆ በሚወጣበትና ከአባቱ መሬት ተቀብሎ በሚያርስበት ዕድሜ ነው። አንድ ብቻ የሆነ መንስኤ የለውም። የዘር ውርስ፣ የአንጎል ዕድገት መታወክ፣ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ ከባድ የኑሮ ጭንቀት፣ እንደ ሐሺሽ ያለ አደንዛዥ ነገር መውሰድ ተደራርበው ያመጡታል። የወላጅ ጥፋት ያመጣው ቅጣትም፣ የጎረቤት እርግማንም አይደለም።

ምልክቶቹ በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን፣ በጤነኛ ሰው ላይ የሌለ ነገር በሕመምተኛው ላይ ተጨምሮ የሚታይበት ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ሊገድሉኝ ይዶልቱብኛል» ብሎ ያለ ማስረጃ ማመን፣ የንግግር መዘበራረቅ ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ወገን፣ የነበረው ነገር የሚጎድልበት ነው፤ ወኔ ይጠፋል፣ ፊት ደስታም ኀዘንም አያሳይም፣ መታጠብና ልብስ መቀየር ይቀራል፣ ሰው መሸሽ ይመጣል። ሦስተኛው የማሰብ ኃይል መዳከም ነው፤ የሰሙትን መያዝ፣ አንድን ነገር ጀምሮ መጨረስ፣ ነገ የሚሠሩትን ዛሬ ማቀድ ያስቸግራል።

እነዚህን ሦስት ወገኖች ለይቶ ማወቅ ለትምህርታችን መሠረት ነው። ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፍሉፌናዚን፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን የተባሉት መድኃኒቶች በይበልጥ የሚያስታግሡት የመጀመሪያውን ወገን ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ያላቸው ኃይል አነስተኛ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንያዝ። በቡሬ ዙሪያ ገጠር የሚኖር የ24 ዓመት ወጣት በሐምሌ ወር፣ በበቆሎ አረም ጊዜ ታመመ እንበል። ድምፅ ሰማ፤ ሌሊት ከቤት ወጥቶ ጠፋ፤ ወንድሞቹ ፈልገው አመጡትና ጉዳት እንዳይደርስበት ፈርተው በእግረ ሙቅ አሰሩት። ከወራት በኋላ ወደ ጤና ተቋም ተወስዶ መድኃኒት ጀመረ። ድምፁ ጋብ አለ፤ እግረ ሙቁም ወለቀ። ነገር ግን ልጁ ከመደቡ አይነሣም። ሲጠሩት ይመልሳል፤ ካልጠሩት ቀኑን ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ጎረቤት ሲጠይቅ እናቱ «ድኗል፤ ሰው ግን አልሆነም» ይላሉ። የሁለተኛው ወገን ምልክት ማለት እናቱ በዚህ አጭር ቃል የገለጡት ነው። የሰውነት እንቅስቃሴ የሚረዳውም በተለይ እዚህ ላይ ነው።

2. የሕመሙ ሸክም በአገራችን

ስለዚህ ሕመም በአገራችን በስፋት የተጠናው በቡታጅራ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎችን በየቤታቸው መርምረዋል። በውጤቱም ከአንድ ሺህ ሰዎች መካከል ወደ 5 የሚጠጉት (4.7) በሕይወታቸው ዘመን በስኪዞፍሬኒያ መያዛቸው ተገኝቷል። ከእነዚህም መካከል ዘመናዊ ሕክምና አግኝቶ የሚያውቀው ከአሥር አንድ ያህሉ ብቻ ነበር።

ይህ መጠን በእኛም አካባቢ ተመሳሳይ ቢሆን፣ ሁለት ሺህ ጎልማሶች ባሉበት ቀበሌ ወደ አሥር የሚጠጉ ሰዎች ይገኛሉ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በገበያ ላይ የማይታዩት ስለሌሉ አይደለም፤ ብዙዎቹ በቤት ውስጥ ስለተደበቁ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን።

እዚያው ቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያና ሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ያሉባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት መሠረት 121 የሚሆኑት በዚያ ጊዜ ውስጥ አርፈዋል፤ የሞቱትም መኖር ከሚገባቸው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። እንግዲህ ሕመምተኛው የሚሞተው «በእብደት» አይደለም። የሚሞተው ሥጋው ስለተረሳ ነው፤ ሲያስለው የሚመረምረው፣ ሲከሳ የሚያጎርሰው፣ ሲያተኩሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው በመጥፋቱ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ለዚህ ሕመም የሚታወቀው መድረሻ አዲስ አበባ የሚገኘው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሕመምተኛን ይዞ መሄድ ለገበሬ ቤተሰብ በሬ የሚያሸጥ ጉዳይ ነው። ኋላ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልትም አገልግሎቱ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቅጣጫ ሰጠ። ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ሕመምተኛውን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ይህ ከተደረገ በኋላ የሚመጣ ነው።

3. ኤሮቢክ እንቅስቃሴ ምንድን ነው?

ኤሮቢክ የሚባለው እግርንና ክንድን የመሳሰሉ ታላላቅ ጡንቻዎች ለረዘም ያለ ጊዜ ያለ ማቋረጥ የሚሠሩበት፣ ሳንባ ብዙ አየር የሚስብበት፣ ልብም ፈጠን ብሎ የሚመታበት እንቅስቃሴ ነው። ፈጣን እርምጃ፣ ሩጫ፣ ብስክሌት መንዳት፣ ዋና፣ ዳገት መውጣት፣ እስክስታ ሁሉ ከዚህ ይቆጠራሉ። ከባድ ድንጋይ አንሥቶ ወዲያው መጣል ግን ኃይል ይጠይቃል እንጂ ኤሮቢክ አይባልም።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሄደ መነጋገር የሚችል፣ መዘመር ግን ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው በመካከለኛ ልክ ላይ ይገኛል። ያለ ችግር የሚዘምር ከሆነ ፍጥነቱን ይጨምር፤ ሁለት ቃል መናገር ካቃተው ይቀንስ። የልብ ምት መቁጠር ለሚችል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከ220 ላይ ዕድሜውን ይቀንሳል፤ ለ30 ዓመት ሰው 190 ይመጣል። በመካከለኛ እንቅስቃሴ ጊዜ የልቡ ምት በደቂቃ ከዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ፣ ማለትም ከ120 እስከ 145 ገደማ ሊሆን ይገባል። ጣትን በእጅ አንጓ ላይ አድርጎ በ15 ሴኮንድ ከ30 እስከ 36 ምት መቁጠር ማለት ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚለውጡ ግን ለሕሙማን የንግግሩ መለኪያ ይመረጣል።

4. ጥናቶች ምን ያስረዳሉ?

እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን አገር የተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት የብዙዎችን ትኩረት ስቦ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 8 ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ፣ ለሦስት ወር በቆመ ብስክሌት ተለማመዱ። ሌሎች ሕሙማን ደግሞ በዚያው ጊዜ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱትን ኳስ፣ እኛ ጆተኒ የምንለውን ተጫወቱ። በመጨረሻ አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የትውስታ ክፍል ብስክሌት በነዱት ዘንድ በ12 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ፤ በተጫዋቾቹ ዘንድ ግን አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ የአንጎል ለውጥ አላገኙም። ስለዚህ «ሩጫ አንጎልን ያሳድጋል» ብሎ በደፈናው መስበክ አይገባም።

ጸንቶ የተገኘው የሚከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ፣ በሳምንት ወደ 90 ደቂቃ የሚደርስ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ የሕመሙን ምልክቶች እንደሚቀንስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ 385 ሕሙማን የተሳተፉባቸውን 10 ጥናቶች መርምሮ፣ ኤሮቢክ እንቅስቃሴ የማሰብ ኃይልን፣ በተለይም ሐሳብን በአእምሮ ይዞ መሥራትን፣ ትኩረትንና የሌላውን ሰው ስሜት መረዳትን እንደሚያሻሽል አረጋገጠ። ጥቅሙ በይበልጥ የታየው እንቅስቃሴውን የሚመራ ሰው አብሮ በነበረበትና ደቂቃው በበዛበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሰውነት እንቅስቃሴ ከሌላው ሕክምና ጋር ተጨምሮ እንዲሰጥ መክሯል።

እንቅስቃሴ ይህን የሚያደርገው በብዙ መንገድ ነው። የደም ዝውውር ይፈጥናል፤ የነርቭ ሕዋሳትን ዕድገት የሚረዱ ንጥረ ነገሮች በአንጎል ውስጥ ይጨምራሉ፤ የሌሊት እንቅልፍ ይስተካከላል፤ አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያመጡት የክብደት መጨመርና የስኳር በሽታ ዝንባሌ ይቀንሳል። ከዚህም ሁሉ በላይ ሕመምተኛው በቀኑ ውስጥ አንድ የታወቀ ሰዓትና ከጎኑ የሚራመድ አንድ ሰው ያገኛል።

5. የከተማው ምክርና የገጠሩ ኑሮ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ገበሬ ምን እንቅስቃሴ ይጎድለዋል? ከማለዳ እስከ ማታ ሞፈር ጨብጦ ይውል የለምን? ልጃችንስ ታሞ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲዞር አልነበረምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከላይ ከተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የተደረጉት በበለጸጉ አገሮች ነው። በዚያ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ የሚውል፣ ክብደቱ ከልክ ያለፈና ምግብ ያልቸገረው ሰው ነው። ያንን ምክር እንዳለ ገልብጦ ወደ ጃቢ ጠህናን ወይም ወደ ወምበርማ ገጠር ማምጣት ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለይ።

ሀ) ገበሬው ይሠራል፤ ሕመምተኛው ግን ከሥራ ተገልሏል። በሬ አያምኑበትም፤ ማጭድ አይሰጡትም፤ ወንፈል አይጠሩትም። በሥራ በተሞላ መንደር መካከል ሥራ ፈትቶ የሚውለው እሱ ብቻ ነው። የጎደለው እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በእንቅስቃሴው ውስጥ የነበረው ቦታው ነው። ስለሆነም ለእኛ አገር ሕመምተኛ ኤሮቢክ እንቅስቃሴ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ወደ መንገዱ፣ ወደ ምንጩ፣ ወደ ማሳው መመለስ ማለት ነው።

ለ) መቅበዝበዝ እንቅስቃሴ አይባልም። ሕመሙ ሲበረታበት ያለ ዕረፍት የሚንከራተት ሰው አለ፤ መድኃኒቱ ራሱ እግሩን እያቁነጠነጠ መቀመጥ የሚያሳጣውም አለ። የመጀመሪያው ሕክምና፣ ሁለተኛው የመድኃኒት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። የምንናገርለት እንቅስቃሴ መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ቦታ፣ አጃቢና መመለሻ ያለው ነው።

ሐ) የተራበ ሰው አይሮጥም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት የገጠር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የምግብ ችግር ያለበት ቤተሰብ ነው፤ መድኃኒቱም ረኃብን ያባብሳል። አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒታቸውን የሚተዉት ከዚህ የተነሣ ነው። ለከሳ ሰው እንጀራ ሳያቀርቡ ዳገት ማስወጣት ጭካኔ ይሆናል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ በተኛ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። የኤልያስ ኀዘን ከምንናገርለት ሕመም የተለየ ቢሆንም ሥርዓቱ ያስተምረናል፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፤ በመካከሉ እንዲተኛ ተወው፤ ረጅሙ ጉዞ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምግብ፣ ዕረፍት፣ ከዚያም መንገድ። ሕመምተኛን ጾም እንደማያስገድደውም ቤተሰቡ ይወቅ።

ይህ በቤት የሚደረግ ድጋፍ ከንቱ ምኞት እንዳልሆነ ከአገራችን የተገኘ ማስረጃ አለ። በሶዶ ወረዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት፣ በ48 ንዑሳን ቀበሌዎች የሚኖሩ 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ፣ የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ ነገር ግን ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት በየቤታቸው እየጎበኙ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ረዷቸው። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ ሕሙማን የዕለት ተግባራቸውን በማከናወን ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ የተደረገው ስለ ኤሮቢክ እንቅስቃሴ ባይሆንም፣ ከመድኃኒቱ ሌላ የጎረቤት እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይመሰክራል።

6. እግረ ሙቁና መንገዱ

ሰው ዘመዱን የሚያስረው ጠልቶት አይደለም። ገደል እንዳይገባ፣ ጅብ እንዳይበላው፣ ሰው እንዳይመታና እንዳይመታ ፈርቶ ነው። ሌላ መፍትሔ ያላገኘን ቤተሰብ መኮነን ሸክሙን ማክበድ ይሆናል። ይሁን እንጂ እግረ ሙቅ ቁርጭምጭሚትን ያቆስላል፤ ጡንቻን ያደርቃል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የታሰረው ሰው ራሱን እንደ ሰው ማየት እንዲተው ማድረጉ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል የነበረው ሰው ሰንሰለት ብዙ ጊዜ ታስሮበት ነበር፤ ሰንሰለቱ ግን አላዳነውም። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ያደረገው ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ መስደድ ነው።

በእኛም ዘንድ እግረ ሙቁ የሚወልቅበት መንገድ አለ። በመጀመሪያ መድኃኒት ይጀመራል፤ ቁስሉ ይታከማል፤ ሕመምተኛው ጋብ ሲልለትም የጤና ባለሙያውን አማክሮ፣ የሚያምናቸው ሁለት ዘመዶች ግራና ቀኝ ሆነው በቀን ብርሃን በግቢው ዙሪያ ይዘውት ይሄዳሉ። ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ነገም አሥር ደቂቃ። ቤተሰቡ «ወጥቶ ተመለሰ» ብሎ ባየ ቁጥር ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ ሕመምተኛውም የታመነ ሰው መሆኑን ይረዳል።

7. እንዴት ይጀመር?

ከላይ የጀመርነውን ምሳሌ እንከተል። ታላቅ ወንድሙ ልጁን ሊያስነሣው ሲል እናቱ «ተወው ልጄ፣ ደክሞታል፣ ይተኛበት» ይላሉ። ወንድሙም «እማዬ፣ መተኛቱ እኮ ነው የሚያደክመው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያሉት እውነትነት አለው። መድኃኒቱ ያደክማል፤ መተኛቱም ድካሙን ያብሳል። ስለዚህ በቀስታ መጀመር ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ አንድ አጃቢ ይመረጥ። ሕመምተኛው የሚወደው ሰው ይሁን፤ የሚቆጣው አይሁን። በጥናት እንደታየው እንቅስቃሴውን ብዙ ሰው የሚተወው ብቻውን ሲሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። ማታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማለዳ ስለሚፈዝ፣ ቁርስ በልቶ ፀሐይ ሳይበረታ ያለው ጊዜ ይስማማዋል። ከሰዓት በኋላ ከሆነም በረድ ሲል ይሁን።

ሦስተኛ፣ መጠኑ በጥቂት በጥቂቱ ይደግ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አሥር ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ ይበቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ፣ በመካከሉ ለጥቂት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ፤ ይህ 90 ደቂቃውን ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ ሁሉ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ስለሆነ፣ የቻለ ወደዚያ ይደግ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ቢያንስ ሦስት ወር ይጠበቅ።

አራተኛ፣ መድረሻ ይኑረው። «እንራመድ» ከማለት «ምንጩ ድረስ ሄደን እንመለስ»፣ «ላሞቹን እናምጣ»፣ «አክስትህን ጠይቀናት እንምጣ» ማለት ይሻላል። በወራት ውስጥ መድረሻው ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በመጨረሻም ማሳው ይሆናል። በከተማ ላሉት ደግሞ ወጣቶች ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ዳር ዳሩን መዞር ይቻላል።

አምስተኛ፣ ሥራ ራሱ እንቅስቃሴ ይሁን። አረም፣ ኩትኳቶ፣ ጓሮ ቁፈራ፣ ውኃ መቅዳት ትንፋሽ የሚያፈጥኑ ሥራዎች ናቸው። በመጀመሪያ አንድ የበርበሬ መደብ ይሰጠው፤ ሲጨርስ «ጎበዝ» ይባል። የጀመረውን ባይጨርስ አይገሠጽ፤ ትኩረቱን የወሰደው ሕመሙ ነውና።

8. መጠንቀቅ የሚገባን

ሀ) እንቅስቃሴ በመድኃኒት ፈንታ አይሰጥም። «ተሽሎኛል» ብሎ ክኒኑን ወይም ወርኃዊ መርፌውን መተው ሕመሙን ይመልሳል። ወደ ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ለ) አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን እንዳያመጣጥን ያደርጋሉ፤ በተለይ ክሎርፕሮማዚን ቆዳን በፀሐይ እንዲቃጠል ያጋልጣል፤ ድንገት ሲነሡም ራስ ያዞራል። ስለዚህ በቂ ውኃ መጠጣት፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ መከናነብ፣ ከመደብ ሲነሡ ጥቂት ተቀምጦ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ እንደ ብር ሸለቆ ባለው ቆላ ይበልጥ ይጠበቅ።

ሐ) የደረት ውጋት፣ ራስን መሳት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት፣ ነፍሰ ጡርነት ካለ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ሰውነት መገታተርና መንቀጥቀጥ ከመድኃኒቱ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ማስተካከያ አለው፤ ዝም ተብሎ አይታለፍ።

መ) አረቄ፣ ጠላና ጫት የመድኃኒቱን ሥራ ያበላሻሉ። ከእርምጃው መልስ «ደክሞታልና አንድ መለኪያ ይቅመስ» ማለት ደግነት አይደለም።

ሠ) እንቅስቃሴ ይጠቅመዋል በሚል ሰበብ ሕመምተኛውን ያለ ዋጋ ማሠራት ግፍ ነው። ወንድሙ ለቀን ሥራ የሚከፈለው ከሆነ ለእሱም ይከፈለው፤ ከምርቱም ድርሻው ይሰጠው።

ረ) ለሴት ሕመምተኛ ብቻዋን መንገድ መውጣት የመደፈር አደጋ አለው። እኅቷ ወይም የቅርብ ጎረቤቷ ትሸኛት። ውኃና እንጨት ተሸክማ የምትውል ከሆነም የሚያስፈልጋት ተጨማሪ እርምጃ ሳይሆን ዕረፍትና አብራት የምትጫወት ሰው ነው።

ሰ) በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ላይ መገኘት የሚያሰጋባቸው ጊዜያት አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በግቢ ውስጥ መዞር፣ ባሉበት ቆሞ መራመድ፣ ሕፃናትን ሰብስቦ እስክስታ መውረድ ይበቃል። መድኃኒቱ ሳያልቅ ቀደም ብሎ ማምጣትም ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፤ እንግዲህ ምሳሌ ያደረግነው ወጣት በሚመጣው ሐምሌ ምን ይሆናል? ምናልባት መርፌውን አሁንም በየወሩ ይወጋል። ድምፁም አልፎ አልፎ ይሰማው ይሆናል። ነገር ግን ወንፈል ሲጠራ ስሙ ከተጠራ፣ ከወንድሙ ጎን ቆሞ አንዲት ትልም እንኳ ካረመ፣ ማታም ደክሞት እንደ ሰው ከተኛ፣ እናቱ «ሰው ሆነልኝ» ይላሉ። ይህን የሚያደርገው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ እርምጃው ብቻም አይደለም። መድኃኒቱን የሚያቀብለው፣ እንጀራውን የሚያቀርበውና አብሮት የሚሄደው ሰው ነው።

ሠላሳ ደቂቃ በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ ከዚህ ያነሰ ዋጋ የሚያስከፍል ሕክምና ማግኘት ይከብዳል። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። በየሰፈራችን አንድ ሕመምተኛ እንዳለ ካወቅን በሚመጣው ሳምንት ሄደን በሩን እናንኳኳ፤ ከቤተሰቡ ጋር ተማክረንም «ና፣ እስከ ምንጩ እንሂድ» እንበለው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. መድኃኒት በደንብ የሚያስታግሠው የትኞቹን ምልክቶች ነው? ብዙ ጊዜ ሳይነኩ የሚቀሩትስ የትኞቹ ናቸው?

2. በመቅበዝበዝና በታቀደ እንቅስቃሴ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

3. በቀበሌያችን በእግረ ሙቅ ታስሮ የሚኖር ሰው አለን? ቤተሰቡ እንዲፈታው ምን ዓይነት እርዳታ ያስፈልገዋል?

4. እድራችን ወይም ማኅበራችን ለአንድ ሕመምተኛ በሳምንት ሦስት ቀን አጃቢ ለመመደብ ምን ይከለክለዋል?